ከ«ስ» የምትቀድመው «እ»

በዚያች ከተማ ከጥፋት ሁሉ የከፋው «እ» ማለት ነበር። ሌብነትም ድብድብም አልጠፉም፤ እነሱን ግን ተራ ዳኛ ያያቸዋል። «እ» የራሷ መሥሪያ ቤት፣ የራሷ ሹም፣ የራሷም ደወል ነበራት። ይህን የምነግራችሁ ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። እኔ ራሴ የዚያ መሥሪያ ቤት ሰው ነበርኩ፤ ያውም አንደኛ ደረጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን የሹማምንት ጉዳይ ሁሉ የሚፈጸመው በእንግሊዝኛ ነበር። ለምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። ልጅ ለማስመዝገብ በእንግሊዝኛ፣ የጠፋ በግ ለማመልከት በእንግሊዝኛ፣ አጥር ገፍቶ የመጣ ጎረቤት ለመክሰስ በእንግሊዝኛ። በገዛ ቋንቋችን የቀረበ ጉዳይ እንዳልተነገረ ይቆጠር ነበር። የኛ ሰው ደግሞ ቋንቋውን ቢማርም አፉ የእናቱ ልጅ ነው። «ስ» ከሌላ ድምፅ ጋር ተጣብቃ ስትመጣበት የምትደገፍበት ነገር ይፈልግላታል። «ስቶን» በል ሲሉት «እስቶን» ይላል፤ «ስኩል» በል ሲሉት «እስኩል» ይላል። የምላስ ቤት የተቋቋመው ይህችን «እ» ለመያዝ ነበር።

ሰው ሁሉ ለአካለ መጠን ሲደርስ የምላስ ቤት ይቀርባል። የምላስ ሹሙ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል። ከተመርማሪው አፍ ፊት የዶሮ ላባ በክር ተንጠልጥሏል፤ ከሹሙ በስተቀኝ ትንሽ የነሐስ ደወል አለች። «ፒ» ሲባል ከአፍ በሚወጣው ትንፋሽ ላባው መወዛወዝ አለበት። «ስቶን» ሲባል ደግሞ ደወሏ ዝም ማለት አለባት። ሹሙ «እ» የሰማ እንደሆነ ፊቱን ሳይለውጥ ደወሏን አንድ ጊዜ ያቃጭላታል፤ በቃ። ያ ሰው «ድፍርስ ምላስ» ተብሎ ኮሌታው ላይ ግራጫ ጨርቅ ይሰፋለታል። ላባውን ያወዛወዘና ደወሏን ያላስነካ ግን «የጠራ ምላስ» ይባልና ነጭ ጨርቅ ያገኛል። ባለ ነጭ ጨርቅ ባለ ግራጫውን፣ አባቱን የሚያህል ሰው እንኳ ቢሆን፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ ይጠራል። ይህም ደንብ ነበር።

ድፍርስ ምላስ ያለው ሰው በአደባባይ እንግሊዝኛ እንዲናገር አይፈቀድለትም። ጉዳይ ሲኖረው ከምላስ ቤት ምትክ አፍ ይመደብለታል። ምትክ አፍ ማለት ከባለጉዳዩ ጎን ቆሞ በሱ ፈንታ የሚናገር ባለ ነጭ ጨርቅ ነው። ባለጉዳዩ ሐሳቡን ጆሮው ላይ ያንሾካሹክለታል፤ እሱ አሳምሮ ይናገረዋል። የኔ ሥራ ይህ ነበር።

ስሜ እሸቱ ነው። ምላሴ ጠራ የተባለ ዕለት ግን እንደ ሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ከስሜ ላይ «እ»ን አነሣሁና ሸቱ ተባልኩ። ከ«እ» ጋር መታየት አያኮራም ነበር። ቆይተንማ በገዛ ቋንቋችንም ጀመርነው። «ንደምን አደራችሁ»፣ «ግዜር ይመስገን»፣ «ናቴ ደኅና ናት» እያልን ስናልፍ ሰው መንገድ ይለቅልን ነበር። ያልገባት እናቴ ብቻ ናት። «እሸት ብዬ ብሰይምህ ሽቱ ሆነህ መጣህ?» አለችኝ። ባለ ግራጫ ጨርቅ ስለሆነች አልተቀየምኳትም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ አርባ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። አርባውም ያማሩ ናቸው። የምላስ ቤት የሚመረምረው አነጋገርን እንጂ የቃል ብዛትን ስላልነበረ ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም። ባለጉዳዩ በጉ እንደ ጠፋበት ሲያንሾካሹክልኝ፣ በግ በእንግሊዝኛ ምን እንደምትባል ስለማላውቅ፣ «በዚህ ውብ ቀን በፊታችሁ መቆሜ ታላቅ ክብር ነው» እላለሁ። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ጸሐፊም የጠራ ምላስ ነውና «ክብሩ የጋራችን ነው» ብሎ ይመልስልኛል። ተመሰጋግነን እንለያያለን። በጓ አትገኝም፤ ባለጉዳዩ ግን «አቤት እንግሊዝኛ!» እያለ ነበር የሚወጣው። እኔም ስናገር ራሴን እየሰማሁ እደመም ነበር፤ መዋሸት አልወድም።

ከከተማዋ በላይ ግድብ አለ። ድሮ ከውጭ የመጡ ሰዎች የሠሩት የድንጋይ ግድብ ነው፤ ከኋላው ዓይን የማይደርስበት ውሃ ይዞ ቆሟል። ከሥሩ ታች ሰፈር የሚባል ሦስት መቶ ቤት ተኮልኩሎ ይኖራል። የግድቡ ጠባቂ አንጓች ትባላለች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቁመቷ አጠር፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ ሴት ናት። «ናት» የምለው በጊዜው ደንብ ነው፤ ታገሡኝ። አንጓች በልጅነቷ ለግድቡ ሠሪዎች ድንጋይ ስታቀብል ኖራ በዚያው ቀረች። እንግሊዝኛዋንም የተማረችው እዚያው፣ ድንጋይና ጭቃ መካከል ነው። ስትመረመር ደወሏ አራት ጊዜ ተቃጨለች ይባላል፤ ላባው ደግሞ ጨርሶ አልተነቃነቀም።

ከግድቡ ማዶ፣ ገደሉ ሥር፣ ወንዙን ወደ ግድቡ የሚያስገባ የብረት በር አለ። በሩን በመዘውር የሚያነሡና የሚያወርዱ ሦስት ሠራተኞች ጉድጓድ ውስጥ ስለሚውሉ ምንም አያዩም። የሚሰሙት ከግድቡ አናት የሚጮህላቸውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙም በደንቡ መሠረት እንግሊዝኛ ነው፤ አራት ቃል። «ኦፕን» ሲባሉ በሩን ይከፍታሉ፤ «ክሎዝ» ሲባሉ ይዘጋሉ፤ «ቶፕ» ሲባሉ እስከ መጨረሻው ጫፍ ያነሡታል፤ «ስቶፕ» ሲባሉ ያቆማሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ስትጮህ የኖረችው አንጓች ናት። ምላሷ ድፍርስ ስለሆነ አልተፈቀደላትም። ነገር ግን ያንን ዳገት ወጥቶ በዚያ ንፋስ የሚጮህ የጠራ ምላስ ስላልተገኘ፣ እንዳላዩ መሆን የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ዓመት ሹማምንቱ የሙላት በዓል እንዲከበር ወሰኑ። ግድቡ ከተሠራ ጀምሮ እስከ አፉ ሞልቶ አያውቅም። አሁን እስከ አፉ ይሞላል፤ ይህንንም የሚያይ ታላቅ የግድብ አዋቂ ከሩቅ አገር ይጋበዛል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። የበዓሉ አዘጋጅ የምላስ ሹሙ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው አንጓች ጉዳይ አለኝ ብላ የምላስ ቤት መጣች። የተመደብኩላት እኔ ነበርኩ።

«ስምህ ማነው ልጄ?» አለችኝ።

«ሸቱ።»

«ሽቱ?»

«ሸቱ!»

«እሺ ይሁን። ስማኝ ሸቱ። ግድቡ ተሰንጥቋል። በግራ በኩል፣ ከላይ ሦስተኛው ረድፍ ድንጋይ ጋ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ያልበዋል። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ስለጥፍበት ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ይመስላል። አሁን ባለው ውሃ ይቆያል፤ እስከ አፉ ከሞላችሁት ግን አይችልም፤ ይሄዳል። ልጄ ደጊቱ ታች ሰፈር አራስ ናት፤ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ። አራስ አንሥቼ የት አደርሳለሁ? እሺ እሷን ላንሣ፤ ሦስት መቶውን ቤትስ ማን ያነሣዋል? በዓሉ ይቅር ብለህ ንገርልኝ። ካልቀረም እንግዳው መጥቶ ስንጥቁን ይየው።»

ሹሙ ፊት ቀረብን። አፌን ከፈትኩ። አርባውን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር አሰብኳቸው፤ ስንጥቅ የሚባል ነገር ያለበት አንድም የለም። ግድብ ያለበትም የለም። ስለዚህ «በዚህ ውብ ቀን በፊትዎ መቆሜ ታላቅ ክብር ነው» አልኩ። ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው። «ክብሩ የጋራችን ነው» አለ። ወጣን።

«ነገርከው?» አለች አንጓች።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«በደስታ ተቀበለው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «‹ክራክ› ስትል አልሰማሁህም» አለችኝ።

«ምን?»

«ክራክ። ስንጥቅ። ሠሪዎቹ እንደዚያ ነበር የሚሉት።»

ያን ዕለት ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። እኔ፣ ነጭ ጨርቅ ያሰፋሁ ሰው፣ የማላውቀውን ቃል እሷ ግራጫ ጨርቅ ለብሳ ታውቀዋለች። «አንቺ በድፍርስ ምላስሽ ስታበላሺው ነው እንጂ እኛ ሌላ ቃል አለን» አልኳት። እሷም አምና ይሁን ታክታ አላውቅም፣ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ወደ ግድቧ ሄደች። ልቤን የሆነ ነገር ነካው፤ ግን ለበዓሉ ልብስ ማዘጋጀት ነበረብኝ።

የበዓሉ ቀን እንግዳው መጣ። አጭር፣ ሸምገል ያለ፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው ነው። ስሙን ልንጠራው ስላልቻልን እንግዳው አልነው፤ እሱም ወደደው። ወደ ከተማዋ የሚገባ ሰው ሁሉ ይመረመራልና ሹሙ በታላቅ ትሕትና ላባውን ፊቱ አንጠልጥሎ «ስቶን ይበሉልን» አለው።

እንግዳው ፈገግ ብሎ «እስቶን» አለ።

የሹሙ እጅ ከልማዱ የተነሣ ደወሏን አቃጨላት። ሹሙ ፊቱ ዐመድ መስሎ «ምናልባት መንገድ ላይ ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል» አለና እንደገና ጠየቀው። «እስቶን» አለ እንግዳው፤ አሁንም በፈገግታ። በአገሩ ያሉ ሰዎች አፍ እንደኛው አፍ ኖሯል፤ በዚህ ዓለም ላይ «ስ»ን በ«እ» የሚደግፍ ሌላ ሕዝብ አለ ብሎ ማን ያስባል? ደንብ ደንብ ነው። እንግዳው ኮሌታው ላይ ግራጫ ጨርቅ ተሰፋለት፤ እንዳይከፋው ጨርቁ ሐር ነበር። ምትክ አፍም ተመደበለት፤ እንዳለ የሚባለው ባልደረባዬ፣ በኛ አጠራር ንዳለ።

ስለዚህ ግድቡ አናት ላይ የሆነው ይህ ነው። በአንድ በኩል እንግዳው፣ ጎኑ ንዳለ። በሌላ በኩል አንጓች፣ ጎኗ እኔ። በመካከላችን ሹሙ ደወሏን በነጭ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ከኋላችን ሕዝቡ። ሹሙ ትእዛዙን ዛሬ የጠራ ምላስ ይስጥ ብሎ ስለነበር እኔ ደረቴን ነፍቼ ወደ ማዶ «ኦፕን!» አልኩ። «ኦፕን!» ብለው መለሱ፤ በሩም ተነሥቶ ውሃው ይገባ ጀመር።

እንግዳው ግድቡን በምርኩዙ እያመለከተ ለንዳለ የሆነ ነገር ያንሾካሹክለታል። ንዳለ ቃሉን አያውቀውም፤ «ክቡር እንግዳችን በአየሩ ጠባይ ተደስተዋል» ይላል። እኔ እመልሳለሁ፤ «አየሩም በእርስዎ ተደስቷል»። አንጓች ክንዴን ይዛ «ክራክ በለው! ክራክ!» ትለኛለች። እኔ «ይህ ወዳጅነት ለዘለዓለም ይኑር» እላለሁ። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እንግዳው አሁንም ያመለክታል፤ ንዳለ አሁንም ይደሰታል። እንዲህ ሆነን አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ማር የሚጣፍጥ ንግግር ስንለዋወጥ ውሃው አንድ ክንድ ወጣ፤ ከዚያም ሁለት።

አንጓች ማንሾካሾኳን ተወች። ስመለከታት ዓይኗ ታች ሰፈር ላይ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣራ ላይ ተተክሏል። ጣራው ላይ የልጅ ጨርቅ ተሰጥቶ ነበር። የማውቃቸውን አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። ግን አርባዎቹ ዓረፍተ ነገሮች አርባ ናቸው፤ ከድፍርስ ምላስ ቃል ተበድሬ አርባ አንደኛ ላክልበት?

እንግዳው በንዳለ ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን ወደ ጫፉ ራመድ አለ። ድንጋዩ ሽበት አብቅሏል፤ እርጥብ ነው። እግሩ ከዳው። ምርኩዙ በረረና ውሃው ውስጥ ገባ፤ እሱም ሊከተለው ሲል አንጓች ኮቱን ጨመደደችና ከሆዷ ጮኸች፦

«ሚ! ሚ!»

ሹሙ ደነገጠ። ሕዝቡ ደነገጠ። ልብ በሉ፤ ይህን ስሕተት ከኛ በቀር የሚሠራው የለም። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን፤ የወደቅከው አንተ ሳለህ እኔ ልውደቅልህ ማለታችን ነው። አንጓች በዚያች ቅጽበት የተጠነቀቀችው እንግዳው እንዲገባው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሱ ቋንቋ «እኔን» አለችው።

እንግዳው የጉልበቱን ጭቃ ሳያራግፍ ዞሮ አያት። «ሚ?» አለ። «ዋይ ሚ?»

ንዳለ «ክቡር እንግዳችን» ብሎ ሊጀምር ሲል እንግዳው እጁን አፉ ላይ አደረገበት።

አንጓች ተናገረች። ሃያ ዓመት የኖረችበትን የድንጋይ እንግሊዝኛ፣ ቃሉን እያነሣች አንድ በአንድ እንደምትካብ ሆና ተናገረች። «ዩ ፎል፤ አይ ሴይ ሚ። ማይ ካንትሪ። ዩ ኖት ፎል። ሚ ፎል።»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ገባኝ! አንድ ሙሉ ነገር፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ ገባኝ። ከኋላዬ ያለው ሕዝብም ገባው፤ «እህ» የሚል ድምፅ እንደ ንፋስ አለፈበት። እንግዳው ባርኔጣውን አወለቀ። «በኔ አገር» አለ በዚያው በሰባራ እንግሊዝኛው፣ ይህም ገባኝ፣ «በኔ አገር ሰው ሲወድቅ ‹ተረከዜን› ይላሉ። ካገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ይህን የትም ሰምቼው አላውቅም።» ዓይኑ እርጥብ ነበር። ሁለቱ ግራጫ ጨርቆች ከአንድ እናት የተወለዱ መስለው ተያዩ። ሹሙ ደወሏን እንኳ መንካት ረስቶ ነበር።

«ሚስተር» አለች አንጓች፤ «ዎል ክራክ። ዋተር ከም፣ ዎል ጎ። ዳውን ማይ ዶተር። ስሞል ቤቢ።» ስሞል አላለችም በእርግጥ፤ «እስሞል» ነበር ያለችው።

«ዌር?»

«ሂር።»

እንግዳው በሆዱ ተኝቶ ከጫፉ ቁልቁል እጁን ሰደደና ድንጋዩን ዳሰሰ። ከዚያ ጆሮውን ለጠፈ። ሲነሣ ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል። «እስቶፕ!» አለ። «እስቶፕ ዋተር! ናው!»

አሁን ሹሙ ነቃ። ደወሏን ሁለት ጊዜ አቃጨላትና «ትእዛዝ የሚሰጠው የጠራ ምላስ ነው» አለ። ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። እኔም ይህን ቃል አውቀዋለሁ! ደረቴን ሞልቼ፣ በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ አሳምሬ፣ ቅንጣት «እ» ሳይነካው ጮኽኩ፦

«ስቶፕ!»

«ስ» ብቻዋን ደካማ ናት። ከውሃው ፉጨት ጋር ተቀላቅላ እዚያው ቀረች። ገደሉን የተሻገረው ቀሪው ነበር።

«ቶፕ!» ብለው ከማዶ በአንድ ድምፅ መለሱ። መዘውሩ ሲጢጥ አለ፤ በሩ እስከ ጫፉ ተነሣ፤ ወንዙ ተገለበጠበት።

«ስቶፕ!» አልኩ እንደገና፣ ከፊቱ ይበልጥ አሳምሬ። «ቶፕ!» አሉኝ፤ ሰምተናል ምን አስደገመህ የሚል ድምፅ ነበር። እግሬ ሥር ያለው ድንጋይ ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ ተሰማኝ። ጥርስ ማፋጨት የተባለውን አሁን ሁላችንም ሰማነው። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት ጩኸቷን አቀለጠችው። እኔ ያንኑ ያማረውን «ስቶፕ» ለሦስተኛ ጊዜ ልደግመው አየር ሳብኩ።

አንድ እጅ ትከሻዬን ገፍቶ ወደ ጎን አደረገኝ። አንጓች ነበሩ። ከዚህ በኋላ «ነበረች» ብዬ መጻፍ አልችልም፤ እጄም እሺ አይለኝም። እግራቸውን አንፈራጠው፣ እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ ያን የተከለከለውን ድምፅ ከእንብርታቸው ጎተቱት፦

«እእእእስቶፕ!»

«እ» ፊት ፊት ሄደች። በር ከፍቶ ሌላውን እንደሚያሳልፍ ሰው ሆና ንፋሱን ገለል አደረገችና ሌሎቹ ድምፆች ተከትለዋት ተሻገሩ። ሲሻገሩ አየሁ ብል ይቀለኛል።

ማዶ ያለው መዘውር አመነታ። አንዱ ድምፅ ቶፕ ይላል፤ ሌላው፣ ሃያ ዓመት የሚያውቁት፣ አቁሙ ይላል። ያኔ እንግዳው ከጎናቸው ቆሞ «እስቶፕ!» አለ። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ «እስቶፕ!» አሉ። ከዚያ ማን ይቆጥራል! ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ አንድም ቀን በአደባባይ አፋቸውን እንዲከፍቱ ያልተፈቀደላቸው ሁሉ፣ ግራጫ ጨርቃቸውን እንደ ለበሱ፣ በአንድ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ጮኹ። እናቴም ነበረች። ድምፅዋን ለየሁት። ተራራው መልሶ «እስቶፕ» አለ። ሹሙ ግዴታውን ለመወጣት ለእያንዳንዱ «እ» አንዳንድ ጊዜ ለማቃጨል ሞከረ። በሁለት እጁ እየናጠ ሳለ የደወሏ ምላስ ተነቅሎ ውሃው ውስጥ ገባ። እሱ ግን ባዶ ደወሉን መናጡን አላቆመም።

መዘውሩ ቆመ። እማማ አንጓች «ክሎዝ!» አሉ፤ በሩም ቀስ እያለ ወረደ። ውሃው ከግድቡ አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ማንም አላጨበጨበም። ሰው ሁሉ ታች ሰፈርን ያይ ነበር። ጣራው ላይ ጨርቁ እንደ ተሰጣ ነው።

የግድቡ ውሃ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲቀንስ ቆይቶ ስንጥቁ ተጠገነ። እንግዳውና እማማ አንጓች ጭቃ ውስጥ ገብተው «ዲስ እስቶን»፣ «ኖ፣ ዳት እስቶን» ሲባባሉ ሰው እየሄደ ይሰማቸው ነበር። እንግዳው ሲሄድ ግራጫ ጨርቁን ከነሐሩ ለብሶት ሄደ፤ ማንም ሊያስወልቀው አልቻለም።

የምላስ ቤት ስለ ሆነው ነገር ለረጅም ጊዜ መከረ፤ በመጨረሻም ታላቅ ለውጥ አደረገ። ከእንግዲህ ደወሏ የምትደወለው «እ» ሲጎድል ነው ተባለ። ላባውም ቀረና በምትኩ ድንጋይ ተንጠለጠለ፤ ለምን እንደሆነ አልተነገረንም። ሹሙ ያው ሹም፣ ደወሏ አዲስ ምላስ ገባላት። እኔ ቀርቤ «ስቶን» ስል ደወሏ ጮኸች፤ ነጩ ተፈትቶ ግራጫ ተሰፋልኝ። ንዳለ አንድ ሌሊት ውስጥ ሦስት «እ» መጨመር ተምሮ «እእእስቶን» አለና የክብር ጨርቅ አገኘ። ለእማማ አንጓች የወርቅ ፈትል ያለበት ነጭ ጨርቅ ላኩላቸው። እሳቸውም ልጄን ደጊቱን ጠይቁ ብለው መልእክተኞቹን አሰናበቱ፤ እሷም የሕፃኑን ልጋግ ትጠርግበት ጀመር። ወርቁ ይከረክረዋል ብላ ግን ወዲያው ተወችው።

እኔ ግድቡ ላይ ወጣሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስንት ቀን ሳስብ ከርሜ ነበር፤ ከአርባዎቹ አንዱም አልሆነኝም።

«እማማ አንጓች» አልኳቸው፤ «ያን ቀን አንቱ የነገሩኝን ለሹሙ አልነገርኩትም። ቃሉን አላውቀውም ነበር።»

«አውቄያለሁ» አሉ፣ ውሃውን እያዩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደንግጠህ ነበራ፤ አንጀቴን በላኸው። ስምህ ማን ነበር? ሽቱ?»

«እሸቱ» አልኩ።

ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። «በል እሸቱ፤ ና እዚህ ቁም። ማዶ በሩን እያነሡት ነው። አስቁምልኝ።»

ቆምኩ። «ስቶፕ!» አልኩ። «ቶፕ!» አሉኝ ከማዶ። እማማ አንጓች ሳቁ። ምላሴ አሥራ አምስት ዓመት የለመደውን ወዲያው ይተዋል? እንደገና ሞከርኩ፤ አንገቴ ላይ ደም ሥሬ ተገተረ፤ «ቶፕ!» አሉኝ። «ከጉሮሮህ አይደለም፤ ከእናትህ ቤት አውጣው» አሉኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠራኝ የምትጎትታትን «እ» አሰብኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እስቶፕ!»

ከገደሉ ማዶ፣ ከማላያቸው ሦስት ሰዎች፣ «እስቶፕ!» የሚል ድምፅ ተመለሰልኝ። መዘውሩ ሲጢጥ ብሎ ዝም አለ። በእንግሊዝኛ ተናግሬ ሰው ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።